መጀመሪያ የሱን ንገረኝ

የሙሴ ቫሃንን ሞት ያረዳኝ የኮምባይነር ቀበቶና ቡሎን የሚሸጥ ሰው ነው። ከትምህርት ቤት ወጥቼ በሱቁ በኩል ሳልፍ ጠራኝና፣ «ቲቸር፣ ሰማህ? ሙሴ እኮ እዚያው አገሩ ሞተ» አለኝ። ክው አልኩ። ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል ግን፣ «የቱ አገሩ?» የሚል ሆነ። ሰው ሞተ ሲባል እንዲህ ተብሎ ይጠየቃል? ሰውዬውም ግራ ገብቶት ትንሽ አሰበ። «አርመን አገር ነዋ» አለ። ወዲያው ደግሞ ራሱን ተጠራጠረና፣ «ማለቴ፣ ያው የአባቱ አገር» ብሎ አረመ።

ሙሴ ቫሃን አሰላ ተወልዶ፣ አሰላ ኮምባይነር ሲጠግን የሸበተ ሰው ነበር። አባቱ ሁሩታ ላይ ወፍጮ የተከለ አርመን፣ እናቱ የጢቾ ሴት፣ አዴ ከድጃ ናቸው። «ሙሴ» ስሙ አይደለም፤ የድሮ ሰዎች ፈረንጅ የሚመስለውን ሁሉ እንዲያ ስለሚጠሩ ከአባቱ ለልጁም ወረደለት። አንቱ ሲሉት ግን አይወድም ነበር። «አንቱ ስትሉኝ ከኋላዬ ሌላ ሰው የቆመ ይመስለኛል» ይል ነበርና እኔም አሁን ከሞተ በኋላ አንቱ ብዬ አላስቀይመውም።

ይህ ሰው ነው እንግዲህ በስተርጅና የአባቱ አገር ሄዶ የፖለቲካ መሪ የሆነው። እኔ የሥነ ዜጋ መምህር ነኝ። ፓርቲ ምን እንደሆነ፣ ፓርላማ እንዴት እንደሚሠራ ሳስተምር ጡረታዬ ደርሷል። በሕይወቴ አብሬው ሻይ የጠጣሁት የፖለቲካ መሪ እሱ ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን አወቅሁት ለማለት አልደፍርም።

ነጠላዬን አዘቅዝቄ ወደ እህቱ ቤት ሄድኩ። አዴ ሩቂያ በእናት የሚገናኙት ታናሽ እህቱ ናቸው። ስደርስ በሩ ዝግ ነው። የእድሩ ድንኳን ከነምሰሶው ጋሪ ላይ እንደተጫነ ደጅ ቆሟል። ጎረቤቱ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ አጥሩን ተደግፎ ያንሾካሽካል። የእድሩ ዳኛ ደጋግመው ቢያንኳኩ ያገኙት መልስ፣ «አላለቅስም፣ ሂዱ» የሚል ብቻ ነው። ለቅሶ ቤት በሩን ሲዘጋ አይቼም ሰምቼም አላውቅም። ሞቱ ሐሰት ይሆን እንዴ ብዬ ለአንድ አፍታ ተስፋ አደረግሁ።

ድምፄን ሰምተው ኖሮ፣ «ቲቸር ነው? እሱ ይግባ» አሉ ከውስጥ።

ምንጣፍ ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ደረቅ ነው።

«ልጆቹ በስልካቸው የሚያወሩትን ሰምተሃል?» አሉኝ።

«ሰምቻለሁ አዴ ሩቂያ፣ ግን...»

«ግን የለም። ወንድሜ ያን ሁሉ ሰው ሰብስቦ፣ የአገሩን ልጆች ለገደለ ጠላት ተሟገተ ይላሉ። ሕዝቡም ከሃዲ ብሎ አዋረደው ይላሉ። ወላሂ፣ እውነት ከሆነ አላለቅስለትም። እኔ ለተበደለች ሴት ሲንቄ ይዤ የወጣሁ ሴት ነኝ። ለበዳይ ለቆመ ሰው፣ ወንድሜም ቢሆን፣ ድንኳን አልተክልም። ውሸት ከሆነ ደግሞ አሁኑኑ በሬን እከፍታለሁ። አንተ የተማርክ ነህ። ምን እንዳለ አጣርተህ ንገረኝ።»

«እኔ አርመንኛ የት አውቄ?»

«የሚያውቅ ፈልግ» ብለው ሸኙኝ።

ሙሴ ቫሃንን ያላየ ሰው የዚህ ጥያቄ ክብደት ስለማይታየው ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ።

ስንዴ ሲደርስ አርሲ ላይ እንደ ኮምባይነር የሚለመን እንግዳ የለም። ማሽኑ ጥቂት፣ ማሳው ብዙ፣ ሰማዩ ደግሞ የማይታመን ነው። ያለ ወቅቱ ዝናብ ከወረደ የዓመት ልፋት ማሳ ላይ ይበሰብሳል። ስለዚህ ሰው በተራ ይጣላል፤ ወንድም ከወንድሙ፣ ክርስትና ያነሳ ካነሳለት ይጣላል። ሙሴ ማሽን ሊጠግን ሄዶ ሰው ሲጠግን የሚውለው እንደዚህ ባለው ጊዜ ነበር።

ጭቅጭቁ ሲጋጋል ከማሽኑ ሥር ተንፏቆ ይወጣል። እጁን በጨርቅ አንድ በአንድ፣ ጣት በጣት ይጠርጋል፤ እጁ ንጹሕ ቢሆንም ይጠርጋል። ከዚያ አቤት ባዩን ያይና፣ «መጀመሪያ የሱን ንገረኝ» ይላል። የራስህን አቤቱታ ከመናገርህ በፊት የባላንጣህን አቤቱታ ትናገራለህ ማለት ነው። ያውም ባላንጣህ «አዎ፣ ነገሬ ይኸው ነው» እስኪል ድረስ። ካሾፍክበት ወይም ካጣመምከው፣ «ይኼ ያንተ ነው፣ የሱ አይደለም። እንደገና» ይልሃል። የራስህን የምትናገረው ከዚያ በኋላ ነው።

አንድ ጊዜ ሁሩታ አጠገብ አቶ ደምሴና ኦቦ ገመዳ የሚባሉ ገበሬዎች ዱላ ሊማዘዙ ደረሱ። ቆሜ አይቻለሁ።

«ደምሴ፣ የገመዳን ንገረኝ» አለ ሙሴ።

«የሱን ራሱ ይናገር! አፍ የለውም?»

«አፍ አለው። አንተ ጆሮ ይኑርህ አይኑርህ ነው ያላወቅሁት።»

ደምሴ እያጉረመረመ ጀመረ። ተራው የገመዳ እንደነበር፣ ማሽኑ ወደ ገመዳ ማሳ ሊገባ ሲል እንደተሰበረ፣ ሲጠገን እሱ ደምሴ ቀድሞ እንደጎተተው ተናገረ። የገመዳ ስንዴ ቁልቁለቱ ላይ ስለሆነ ዝናብ ከመጣ ጎርፉ መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን እንደሆነም ጨመረ። ቀና ብሎ ደመናውን አየ።

«ጨርሻለሁ» አለ።

«ያንተስ?»

«ጨርሻለሁ አልኩህ እኮ!» ብሎ ተቆጥቶ በእግሩ ወደ ቤቱ ሄደ።

ማሽኑ ገመዳ ማሳ ገባ። ከዚያ ወዲህ በኛ ዘንድ ደንብ ሆነ፤ የሌላውን ተናግሮ የራሱን ሳያነሳ «ጨርሻለሁ» ያለ ሰው ነገሩን ለባላንጣው ለቋል ማለት ነው። ጥሩ ታሪክ ነው፤ ፍጻሜውን ግን ላስተካክለው አልችልም። የደምሴን ስንዴ ዝናብ መታው። ደምሴም ሙሴን ለብዙ ጊዜ ሰላም አላለውም።

እኔ ራሴ ደርሶብኛል። ጎበሳ ወደምትባል ሩቅ ከተማ ሊያዛውረኝ ካሰበ ርእሰ መምህር ጋር ተጣልቼ ሙሴ ጋራዥ ሄድኩና ብሶቴን ዘረገፍኩ። እጁን ጠረገ። «መጀመሪያ የሱን...» ሲል፣ «የዚያን ሰውዬ ነገር በአፌ አላነሳም!» ብዬ ጮህኩ። «እንግዲያ ሻይ ጠጣና ሂድ» አለኝ። ሻዩን ጠጥቼ እንደተቆጣሁ ሄድኩ። እስከ ዛሬም የሰውዬውን ነገር በአፌ አላነሳሁም፤ ጥሩ አደረግሁ ብዬ ነው የማምነው።

ግን ይህን ሕግ ያጠፈበትን ቀን ደግሞ አይቻለሁ። ዘይቱና የምትባል ሴት፣ ባሏ ፊቷን አብልዞት፣ ጋራዡ መጣች። ከሙሴ ሌላ የምትነግረው ሰው አላገኘችም መሰለኝ። ሁላችንም እጁን ሲጠርግ ጠበቅን። አልጠረገም። ኮፍያውን አወለቀና፣ «እኔ እዚህ ላይ አልረባም። ሩቂያን ጥሩልኝ» አለ። አዴ ሩቂያ የሠፈሩን ሴቶች ሰብስበው መጡ። የአርሲ ሴት ስትዳር እናቷ የምትሰጣት ቀጭን በትር አለች፤ ሲንቄ ትባላለች። ሴቶች እሷን ይዘው ከወጡ ወንድ አይመልሳቸውም። እየዘመሩ የሰውዬውን ደጅ ከበቡ፤ አጥፍቻለሁ ብሎ እግራቸው ላይ ወድቆ ከብት አርዶ እስኪክስ ድረስ አልተነሱም። ማንም ዘይቱናን «የሱን ንገሪኝ» አላላትም። በኋላ ሙሴን ለምን እንዳልጠየቃት ስጠይቀው፣ «አንዳንዱ ነገር ሙግት አይደለም» ብሎኝ ማሽኑ ሥር ገባ።

ፖለቲካ የሚባል ነገር ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። እኛ ሻይ ቤት ስንከራከር፣ «የሞተር ጩኸት ይበቃኛል» ብሎ ይነሳል። አርመንኛውን ከአባቱ ይዞ ነበር፣ ልጅ ሆኖም አዲስ አበባ ከአርመን ልጆች ጋር ተምሯል። የአጎቱ ልጅ ጠራውና ለጥየቃ ሄደ። የሄደበት መንደር ከጎረቤቱ መንደር ጋር በመስኖ ውሃ ይጣላ ኖሮ መሃል ገባ። ምን እንዳላቸው እኛ አሰላ ሆነን እንገምታለን። የመንደሩ ሹም አደረጉት። ቀጥሎ አንድ ፓርቲ ወሰደው፣ ፓርላማ ገባ፣ ቆይቶ የፓርቲው መሪ ሆነ። ከረባት አስሮ የተነሳው ፎቶ ሲመጣ ጋራዡ በሳቅ ሞተ። «ይኼ ጨርቅ እጁን የሚጠርግበት ነው፣ አንገቱ ላይ ምን ይሠራል?» ተባለ።

አንድ ቀን ስልክ ደውዬ፣ «ምን ሆነህ ነው ፖለቲካ ውስጥ የገባኸው?» አልኩት።

«አልገባሁም» አለኝ እየሳቀ። «በሩ ክፍት ነበር። ብርድ እንዳይገባ ልዘጋ ስጠጋ ከውስጥ ሆንኩ።»

«መቼ ነው የምትመጣው?»

«ስንዴው ሲደርስ።»

በየዓመቱ እንዲህ ይል ነበር። ስንዴው ይደርሳል፣ ይታጨዳል፣ እሱ የለም። ከዚያ አገራቸው ከጎረቤቷ ጋር በድንበር ተዋጋች፣ ብዙ ልጅ አለቀ፣ ስልኩም እየራቀ ሄደ። የሠፈሩ ልጆች በስልካቸው የተቀባበሉት ቪዲዮ የመጣው ከጦርነቱ በኋላ ነው። አንድ ሰፊ አደባባይ፣ ሕዝብ ጢም ብሎ፣ እናቶች የልጆቻቸውን ፎቶ ደረታቸው ላይ ይዘው። ሙሴ መድረክ ላይ ቆሞ ሳይጮህ፣ ልክ ጋራዡ ደጃፍ እንደሚያወራው ያወራል። ሰዉ ጸጥ ብሎ ያዳምጣል። በመጨረሻ እሱ ዝም ይላል፣ ሕዝቡ ይጮሃል። ብዙም ሳይቆይ ልቡ ቆመ፣ እዚያው ተቀበረ። እኛ የምናውቀው ይህን ብቻ ነው።

በጋራዡ ደንበኞች በኩል ጠይቄ አስጠይቄ አዲስ አበባ ያሉ አንዲት አሮጊት አርመን አገኘሁ፤ ማዳም አኖሽ ይባላሉ። ከሙሴ ጋር በልጅነት አብረው ተምረዋል። ቪዲዮውን ላክሁላቸው። በማግስቱ ራሳቸው ደወሉ።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ነካህና ይኼን ታሰማኛለህ?» አሉ ገና ሳነሳው። «ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም።»

«ምን አለ ማዳም?»

«ስለኛ ምንም! ቆሞ የነሱን ተናገረ፣ የዚያኞቹን። እናቶቻቸው እንዴት እንዳለቀሱ፣ መንደራቸው እንዴት እንደነደደ፣ እኛን ለምን እንደሚፈሩን። አሳምሮ ተናገረው። እነሱ ራሳቸው እንደዚያ አድርገው አይናገሩትም።»

ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ልብ በሉ፣ የዚያ ሁሉ ሰው ልብ የተሰበረበት ንግግር ነው፣ እኔ ግን አሰላ መንገድ ላይ ቆሜ ልጨፍር ምንም አልቀረኝም። ሙሴ እኮ ሙሴን ነው የሆነው! መጀመሪያ የነሱን ተናገረ፣ ቀጥሎ የራሱን ሊናገር ነበር። እዚያ ያለ ሰው ደንቡን አያውቅ፣ ግማሹን ብቻ ሰምቶ ከሃዲ አለው።

«ከዚያ የራሱን ሊጀምር ሲል አቋረጡት፣ አይደል?» አልኳቸው።

«ማንም አላቋረጠውም» አሉ። «ሰዉ እኮ ጠበቀው። እኔም እዚህ ወንበሬ ላይ ሆኜ ጠበቅሁት፤ አሁን ስለኛ ልጆች ይናገራል ብዬ። እሱ ግን ‹ጨርሻለሁ› አለ። የጮኹት ከዚያ በኋላ ነው።»

ስልኩን ዘግቼ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ጨርሻለሁ። ለቋል ማለት ነው? ደምሴ የለቀቀው የራሱን ስንዴ ነው። የሞተን ልጅ የሚለቅ ማነው? እናቱ ናት እንጂ መድረክ ላይ የቆመ ሰው ነው? ወይስ የሟቾቹን ነገር ደረቱ ላይ ፎቶ የያዘው ሕዝብ ራሱ ያውቀዋል፣ እኔ ልጨምርበት አልችልም ማለቱ ይሆን? ወይስ ደከመው? ያን ቀን ዘይቱናን እያየ ኮፍያውን ያወለቀው ሰው እነዚያን እናቶች እያየ ምን አሰበ? ጦርነት እንደ ኮምባይነር ተራ ነው ወይስ እንደ ዘይቱና ፊት? ሥነ ዜጋ ሳስተምር ይህን ያህል ዓመት፣ ለዚህ የሚሆን አንድ መልስ አጣሁ። አናደደኝም፤ አጠገቤ ቢኖር ትከሻውን ይዤ እነቀንቀው ነበር።

መንገድ ላይ ሳለሁ ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። «አቋረጡት» ብላቸውስ? በቃ፣ በሩ ይከፈታል፣ ድንኳኑ ይተከላል፣ ሰውዬው ይለቀስለታል። ማዳም አኖሽ ከአዲስ አበባ መጥተው አይመሰክሩብኝ። የአዴ ሩቂያ ደጅ ስደርስ ድንኳኑ አሁንም ጋሪው ላይ ነበር። የእድሩ ዳኛ፣ «ምን ተገኘ?» አሉኝ። አልፌያቸው ገባሁ።

አዴ ሩቂያ ትናንት በተውኳቸው ቦታ ተቀምጠዋል። ፊታቸውን ሳይ ውሸቱን ተውኩና የሰማሁትን ሁሉ ነገርኳቸው።

«ጨርሻለሁ አለ?» አሉ።

«አዎ።»

«ማንም ሳያቋርጠው?»

«ማንም ሳያቋርጠው።»

ጭንቅላታቸውን ግራና ቀኝ ነቀነቁ። «ለዘይቱና እኮ የባሏን ተናገሪ አላላትም። እነዚያን እናቶች ግን ‹የጠላቶቻችሁን ስሙ› ለምን አላቸው?»

«እኔም አልገባኝም።»

«ልክ ነበር ወይስ ተሳሳተ? አንተ ምን ትላለህ?»

«ወላሂ አላውቅም አዴ ሩቂያ» አልኩ፤ ክርስቲያኑ ሰውዬ።

ነገሩ እዚያ ላይ ያለቀ መሰለኝ። ድንኳኑም ወደ መጋዘኑ ይመለሳል፣ ሙሴም ሳይለቀስለት ይቀራል። ልነሳ ስል፣ «ሲጨርስ አጠገቡ ማን ነበር?» አሉኝ።

«እንዴት ማለት?»

«ያ ሁሉ ሰው ሲጮህበት። አጠገቡ የቆመው ማን ነበር?»

ይህን አላየሁም። ያን ቪዲዮ ደጋግሜ ከፍቼዋለሁ፤ ግን ቃሉን እንጂ ሌላውን ልብ አላልኩም። እሳቸው ደግሞ ልጆቹ ሲያሳዩዋቸው ፊታቸውን አዙረው አንድም ጊዜ አላዩትም። ስልኬን አወጣሁ፣ ድምፁን አጥፍቼ መጨረሻው ላይ ከፈትኩላቸውና አብረን ጎንበስ አልን።

ሙሴ ንግግሩን ያቆማል። ከኋላው የተደረደሩት ባለከረባቶች መጀመሪያ እርስ በርስ ይተያያሉ፣ ከዚያ አንዱ ወደ ጎን ይላል፣ ሌላው ይከተለዋል፣ ሁሉም ይሄዳሉ። እሱ ዞር ሲል ማንም የለም። ወደ መድረኩ ደረጃ ይሄዳል። የሚይዘው ነገር ፈልጎ እጁን ይዘረጋል፣ አያገኝም። አንድ እግሩን አንስቶ፣ ደረጃው የት እንዳለ በጫማው ጫፍ ይፈልጋል። ምን ያህል እንዳረጀ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

አዴ ሩቂያ ጣታቸውን እግሩ ሥር አኖሩ። ሲነኩት ቪዲዮው ቆመ፤ ሙሴም እግሩን እንዳነሳ ቀረ።

«ኦቦሌሳ ኮ» አሉ። ወንድሜ ማለታቸው ነው። «ደረጃውን የሚያሳየው ሰው ይጥፋ?»

እንባቸው ስልኩ ላይ ወረደ። እኔም የያዝኩትን እንባ ለቀቅሁት፤ ልክ ይሁን ስሕተት የማላውቀውን ሰው፣ ናፍቆኝ፣ እንደ ልጅ አለቀስኩ። ከዚያ ተነሱ፣ ነጠላቸውን አጠበቁና ማንንም ሳያዙ ራሳቸው ሄደው በሩን ሁለቱንም ክፍል ከፈቱት።

«ድንኳኑን አስገቡ» አሉ።

የእድሩ ዳኛ ወደ እኔ አዩ፣ ወደ እሳቸው አዩ። «አዴ ሩቂያ፣ እንግዲያው የተወራው ውሸት ኖሯል?»

«እውነት ነው» አሉ። «ወንድሜ ነው። ግቡ።»